ሳሙና ላይ የታተመው ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት ቁልፌን ውስጥ ረስቼ ከገዛ በሬ ውጭ ተገትሬ ቀረሁ። የልጅ ልጄ የጠራው ቁልፍ ሠሪ ሞረዱን አውጥቶ መፋቅ ሲጀምር፣ ያ የብረት ብናኝ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ምራቄ ሳይቀር ሳንቲም ሳንቲም አለኝ። አትሳቅ። አንድ ዘመን እኔም የዚህ ሙያ ሰው ነበርኩ፤ ያውም ለአስራ አንድ ወር ሙሉ!

ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ጨርቅ መደብር ፊት ለፊት፣ ዣንጥላ ዘርግተው ቁልፍ የሚሠሩ የወሎ ሰው ነበሩ። አባቴ ሙያ እንድማር ለእሳቸው ሰጠኝ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ግትርነታቸውን ምን ልበልህ! ጓጉንቸሩን ራሱን ይዞ ላልመጣ ሰው ቁልፍ አይቀርጹም። ደንበኛው ተሳድቦ ይሄዳል፣ እኛ ዝንብ እሽ ስንል እንውላለን፣ የእኔ አንጀት ያራል። በዚያ ላይ የእኔን ሥራ አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለውት አያውቁም። የቀረጽኩትን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩና፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ይሄ ልጅ እንኳን ቁልፍ መፋቂያም አይቀርጽ!» ብለው ቆርቆሮው ውስጥ ቀጭ ያደርጉታል።

ሰፈሩን የሚያዘወትር አንድ ባለ ቆዳ ጃኬት ሰው ደግሞ ነበረልህ። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም፤ ሁሌ ግን ሽቶ ሽቶ ይላል። ፓስቲ ይጋብዘኛል፣ «ኢንጂነር» ይለኛል። እስቲ ፍረድ፤ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ማንን ይመርጣል? እኔማ እንደሱ ለመራመድ ትከሻዬን ስሰብቅ አንገቴ ተጣሞ ሰነበተ።

አንድ ዓርብ ጋሼ ለጁምዓ እንደሄዱ፣ ባለ ጃኬቱ በወረቀት የተጠቀለለ ሳሙና አመጣ። የቁልፍ ቅርጽ ታትሞበታል።

«የቤቴ ነው። ዋናውን ሚስቴ ይዛው ትዞራለች። ሽማግሌው እንደሆኑ ጓጉንቸር አምጣ እያሉ ያደርቁኛል። አንተ ግን አራዳ ነህ፣ ኢንጂነር።»

ሚስት እንደሌለው አውቃለሁ። ቁልፍ ሳሙና ላይ ለምን እንደሚታተምም አውቃለሁ። ግን ጆሮዬ የያዘው «ኢንጂነር» የምትለዋን ብቻ ነበር። ቀረጽኩለት። እንዴት ያለ ቁልፍ! ስጨርስም እንደ ልማዳችን የቁልፉ ራስ ላይ በሞረድ ሁለት ጭረት አደረግሁበት። ይሄ የእኛ ምልክት ነው፤ ቁልፉ አልዞር ብሎ ሲመለስ፣ የእኛ ሥራ መሆኑን አይተን በነፃ እናስተካክላለን። ብልጠቴን አየህልኝ? ለሌባ ዋስትና ሰጠሁ!

ሰኞ ጠዋት ፊት ለፊት ያለው ጨርቅ መደብር ተዘርፎ ተገኘ። ቁልፉ ጓጉንቸሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። ባለ መደብሩ ጭረቶቹን አይቶ፣ ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ይዞ፣ ፖሊስ አስከትሎ መንገዱን ተሻገረ። ጋሼ ቁልፉን አገላብጠው አዩና፣ ወደ እኔ ዘወር ሳይሉ፣ «ምልክቱ የእኔ ነው» አሉ። ከነዕቃቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ባለ ጃኬቱማ ሽቶው እንኳን አልቀረም።

ተከትዬ ሮጥኩ። ጣቢያ እንደደረስኩ «የሠራሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሳቁብኝ።

«ሂድ ወዲያ!» አለ ባለ መደብሩ። «መፋቂያ እንኳን እንደማትቀርጽ ጋሼ ራሳቸው አይደሉ እንዴ በየቀኑ የሚነግሩን?»

ኧረ የኔ ነገር! ወንጀሌን እንኳን የሚያምንልኝ ጠፋ።

«ዝም በል፣ አንተ!» አሉኝ ጋሼ። ዝም ብል ቤቴ እገባለሁ፤ እሳቸው ግን ይታሰራሉ።

«ሞረድ ስጡኝ» አልኩ።

የመቶ አለቃው ለመሳቅ ያህል ከጋሼ ዕቃ ሞረድና ያልተቀረጸ ቁልፍ አቀበለኝ። መደብሩ የተዘረፈበትን ቁልፍ እያየሁ አምሳያውን ቀረጽኩ፤ እንባዬና ብናኙ ጉልበቴ ላይ ተለወሱ። ጓጉንቸሩ ውስጥ ሲከቱት ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ሳቁ ቆመ።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ጥርሱን አንድ በአንድ አዩት።

«ቀጥ ብሏል» አሉ ቀስ ብለው። «ጎበዝ።»

አስራ አንድ ወር ሙሉ የጠበቅኳት ቃል መምጫ አጥታ ፖሊስ ጣቢያ መጣችልኝ! ጋሼ ሞረዱን ከጣቶቼ መሃል ቀስ ብለው አላቀቁት፣ በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸውን ለቀቋቸው፤ እኔን አባቴ እስኪመጣ አግዳሚው ላይ አስቀመጡኝ። ጋሼ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«በል እንግዲህ፣ ሌላ ሙያ ፈልግ፣ ልጄ።»

ልጄ ሲሉኝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።