ያኮሚና ያስላሰችን ነገር

ይሄን ካላወራሁት ሆዴ አይችለውም። መንደራችን ውስጥ ሁሉም ያወራዋል፣ ግን ሁሉም አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላታል፦ ራሱ የላሰባትን ቦታ። እኔ አልዘልም። ጣጣውን ከአሸዋ ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

አክስት ያኮሚና የሥጋ አክስቴ አይደለችም። እኛ ዘንድ ከስልሳ ያለፈች ሴት ሁሉ አክስት ናት። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረሰች ዛጎል ማጠቢያው ገብታ ሠላሳ ዓመት የሚበላውን ጥቁር ዛጎል ስታጥብ ኖረች፤ እጇ እስካሁን እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ናት። ባሏ ሞቷል፤ ያላት አንድ ሆዳም ውሻና አንድ ጠረጴዛ ነው። ታሪኩ የጠረጴዛው ነው።

መንደራችን ዜላንድ የሚባለው አውራጃ ውስጥ ባሕሩ አፍ ላይ ነው። ባሕሩ ዳርቻችንን እየበላ ስለሚያስቸግር በየጥቂት ዓመቱ ትልልቅ መርከቦች መጥተው ከጥልቁ አሸዋ እየመጠጡ ይተፉልናል። ከአሸዋው ጋር የድሮ አጥንት ይወጣል፤ ባሕሩ ገና ሜዳ ሳለ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ማሞዝ የሚባሉት ጠጉራም የጥንት ዝሆኖች፣ የአውራሪሶች፣ የፈረሶች። ስለዚህ እኛ አገር ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ባሕሩን አያይም፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ሙሽሮች እንኳ ለፎቶ ሲቆሙ ወደ እግራቸው ነው የሚያዩት።

ሙሉ የማሞዝ ጥርስ ያገኘ ሰው ማንንም አይጠይቅም። ችግሩ ስባሪው ላይ ነው። ባሕሩ ሲያሸው ኖሮ እንደ ሳሙና ቁራጭ ያለቀው፣ ድንጋይ ይሁን አጥንት፣ ፈረስ ይሁን ላም የማይታወቀው። እሱን የያዘ ሰው በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የመንደሩ አዳራሽ ይመጣል፤ በማርጋሪን ዕቃ፣ በካልሲ፣ በምኑም ይዞ ይሰለፋል። ያኮሚና ላስቲክ በለበሰው ጠረጴዛዋ ጀርባ ተቀምጣ ትቀበልና ትልሰዋለች።

አዎ፣ በምላሷ። ደረቅ ድንጋይ ምላስ ላይ ይንሸራተታል፣ የድሮ አጥንት ግን ይይዛል፣ ይጣበቃል። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። የእሷ ግን ሌላ ነው። ላስ ታደርግና የተሰበረውን ጎን አይታ፣ መዳፏ ላይ መዝና፣ "የፈረስ ቁርጭምጭሚት። የግራ" ትላለች፣ አለቀ። አንዴ ከሮተርዳም የመጣ ሰውዬ በጥጥ የጠቀለለውን "የዝሆን ጥርስ" ሲሰጣት ላሰችና፣ "የሽንት ቤት መቀመጫ ነው፣ ግን ጥሩ ዕቃ ነው" ብላ መለሰችለት። ያልታወቀ ነገር የጥያቄ ምልክት ተጽፎበት ብስኩት ጣሳ ውስጥ ይገባል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ጣሳው ውስጥ የገባው አራት ብቻ ነው።

አምስተኛውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የምሠራው ባሕር ዳር ድንች መጥበሻው ጋ ነው፤ በመስከረም አንድ ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት እንቁላል የሚያክል፣ ግራጫ ነገር አገኘሁ። በአንድ በኩል ሾል ያለ፣ በሌላው ጎድጎድ ያለ። ቅዳሜ ወሰድኩላት።

ላሰች። "አጥንት ነው።" የተሰበረውን ጎን አየች። "አይደለም። አጥንት ቢሆን እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ይሄ ድፍን ነው።" እንደገና ላሰች። "አይ፣ ነው!"

"ወስኚ እንጂ አክስት ያኮሚና፣ ሰልፍ አለ" አልኳት።

"ነይ አንቺ ላሺው ሌውንቼ፣ የኔ ምላስ አርጅቶ ይሆናል።"

ላስኩት። ያዘኝ። ፓስተራችን ከጎን ነበሩ፣ እሳቸውም ላሱ፣ ያዛቸው። የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ክሪይን መጣ። ክሪይን ማለት ሰው ከጨበጠ በኋላ እጁን የሚታጠብ፣ ቢላና ሹካውን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ግን አጥንት ነውና ላሰ። "ጨው ጨው ይላል" አለና እንደገና ላሰ። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ። ቆጥሬአለሁ፣ አሥራ ሰባት ሰው። ሁሉም "ይይዛል!" አለ፣ ምን እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። ያኮሚና ጣሳ ውስጥ ልታስገባው እምቢ አለች። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ስድስት ሳምንት ይዛው ዞረች።

በዚህ መሃል ነው ዬልመር የመጣው። ከከተማው ሙዚየም ነው፣ ስድስት ዓመት ስለ አጥንት የተማረ ወጣት። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ጓንት ያደርጋል። አዳራሹ ግድግዳ ላይ "እባክዎ አይላሱ" የሚል ወረቀት ለጠፈ። ለኮሚቴውም ጠረጴዛውን እኔ ልያዘው ብሎ ጻፈ። ክሪይን ንጽሕና ሲባል ልቡ ይቀልጣል፤ ቢሆንም ያኮሚናን በአንዴ ማባረር አፈረ። "ሁለታችሁም አሥር አሥር ስባሪ ለዩ። ያሸነፈ ጠረጴዛውን ይውሰድ" አለ።

ያኮሚና ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። "ጠረጴዛው ከሄደ አስተያየቴን የሚጠይቀኝ ማን አለ? ውሻው?"

የውድድሩ ቀን ጠዋት ቡና የያዘውን ፔርሙስ ልሸከምላት ቤቷ ሄድኩ። ጓሮ ቆማለች፣ በአንድ እጇ አካፋ፣ በሌላው ያ ነገሬ። አካፋው ላይ ውሻዋ የጣለው ኩስ አለ፣ ደርቆ እንደ ኖራ ነጭ የሆነ።

"እይ ሌውንቼ።"

"ምኑን ነው የማየው? በጠዋቱ!"

"ሥጋ ሻጩ አጥንት ሲሰጠው እንዲህ ነጭ ነው የሚጥለው። እይ፣ በዚህ በኩል ሾል ያለ። በዚህ በኩል ጎድጎድ ያለ። አሁን ይሄንን እይ።"

አየሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር።

"ውሻ ግን ይሄን አያክልም" አልኳት።

"አያክልም። ያኔ እዚያ ሜዳ ላይ አጥንት አድቅቆ የሚበላ ማን ነበር?"

"ጅብ" አልኩ፣ ወዲያውም ምላሴን በእጅጌዬ መጥረግ ጀመርኩ።

"አሁን ነው የምትጠርጊው? ስድስት ሳምንት አለፈው እኮ!" አለች። መልሳ ግን ግንባሯን ያዘች። "ምን አስላስኳቸው! ፓስተሩን!"

"ክሪይንን ሁለቴ!"

"ክሪይን ካወቀ ጠረጴዛውን ከነእኔ በመስኮት ነው የሚወረውረን።"

"ታዲያ ማን ይነግረዋል? አሥሩን ስባሪ ሙዚየሙ ነው የሚያመጣው። ይሄ ኪስሽ ውስጥ ይቀመጥ፣ አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም።"

ነገሩ ኪሷ ገባ፤ ዝም እንላለን ብለን ሄድን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቦሉስ የሚባለው የቀረፋ ዳቧችን እየተበላ፣ ጣት እየተላሰ። ዬልመር በአጉሊ መነጽር፣ ያኮሚና በምላሷ። ክሪይን መልሶቹን ከታሸገው ፖስታ አውጥቶ ሲያነብ፣ ዬልመር ስምንት፣ ያኮሚና ስምንት።

"እኩል! አንድ መለያ ያስፈልጋል" አለ ክሪይን፣ ደስ ብሎት። "ያኮሚና፣ ያቺ ሁላችንም የላስናት አለች አይደል? አውጫት።"

እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ምን ታድርግ፣ አወጣችው።

ዬልመር፣ "ብርሃን እፈልጋለሁ" ብሎ ይዞት ኩሽና ገባ። ቆየ። ተመለሰና፣ "የፈረስ የጉልበት አጥንት ነው፣ በጣም ያለቀ" አለ። ተጨበጨበ።

"በይ እንግዲህ ያኮሚና፣ ላሺና ንገሪን" አለ ክሪይን።

"አልልሰውም።"

በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ብላ አታውቅም። ፓስተሩ ቦሉሳቸውን ሊጎርሱ አፋቸውን ከፍተው ነበር፣ እንደተከፈተ ቀረ።

"ለምን?" አለ ክሪይን።

"ምን እንደሆነ ስለማውቅ።"

በዓይኔ "ፈረስ በይ፣ ፈረስ በይ" እላታለሁ። ፈረስ ብትል ጠረጴዛው ቢያንስ ለሁለት ይከፈል ነበር። እሷ ግን እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገችና ተናገረች። "ምላስ የሚይዘው አጥንት ስላለበት ነው። ቀዳዳ የሌለው ደግሞ አጥንቱ ታኝኮ፣ በሆድ አልፎ፣ በኋላ በኩል የወጣ ስለሆነ ነው። የጅብ ኩስ ነው። ያስላስኳችሁ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።"

ከዚያ ክሪይን በቀጭን ድምፅ፣ "እኔ እኮ ሁለት ጊዜ..." አለ።

"ሦስት ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። "ስትወጣ ደግመሃል!"

ዬልመር ነገሩን መልሶ ወሰደና አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ አገላበጠው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። "እዚህ ጋ የአጥንት ስንጣሪ አለ፣ ጨጓራ የበላው" አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ። "ልክ ናት።" ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። "አንድ ነገር ደግሞ... ቅድም ኩሽና ውስጥ... እኔም ልሼዋለሁ።"

አዳራሹ ፈረሰ በሉት! ፓስተሩ እንኳ ጠረጴዛ ይዘው ነው የሳቁት። ክሪይን ብቻ አልሳቀም፣ ወደ መታጠቢያው ሮጠ። ውሃው ሲወርድ፣ ሲወርድ ሰማን። በመጨረሻ ከንፈሩ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ወጣ።

"ጠረጴዛው የያኮሚና ነው" አለ። "ይሄን በአደባባይ የነገረችን ሴት ፈረሱን ላም ብላ አታታልለንም። ግን ስሚኝ አንቺ ሴትዮ! ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አታቀምሺ!"

አሁን ወረቀቱ ተቀይሯል። "እባክዎ አይላሱ፤ ያኮሚና ትልስልዎታለች" ይላል፣ በዬልመር እጅ ጽሑፍ። እሱም በየወሩ እየመጣ ከጎኗ ይቀመጣል፣ ያለ ጓንት። የኔ ነገር መስታወት ውስጥ ገብቷል፤ ከሥሩ "ጅብ። ለይታ ያወቀችው ያኮሚና" ተብሎ ተጽፏል። የላሱት አሥራ ሰባት ሰዎች ስም ይጨመር ብዬ ነበር፣ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ጣለው።

እናንተስ? እናንተ ሰፈር "ይሄን እስቲ ቅመሱት" ተብላችሁ፣ ምን እንደሆነ በኋላ የሰማችሁት ነገር የለም?