የኤስቲል ጠመንጃ ሰደፍ

በእኛ የኬንታኪ ሸለቆ አርቪል ስታምፐር የድሃ ጠመንጃ ጠበቃ ነው። ውድ ጠመንጃ ብታሳዩት ዓይኑን እንኳ አያነሳም። አባቶቻችን ለሽኮኮ አደን በፖስታ አዘው ያስመጡትን ያንን ባለ አንድ ጥይት ርካሽ ጠመንጃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን ምሳችሁ ይቀዘቅዛል። ከድፍን ብረት መፈልፈሉን፣ ሰደፉ እውነተኛ የዋልነት እንጨት መሆኑን፣ መቀርቀሪያው ከስንት ዘመን በኋላም ሳይንገጫገጭ መዘጋቱን እያስነካ ያሳያችኋል። «ገዢው ድሃ ነው ብለው አላጭበረበሩትም» ይላል። እኔ ጎረቤቱ ነኝና ይህን ስብከት በቃሌ አውቀዋለሁ።

ከስብከቱ ሁሉ የሚያጠብቀው አንድ ትእዛዝ ነበር፤ የአሮጌ ጠመንጃ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አይነካም። ሰባኪያችን የአያቱን ጠመንጃ ፍቆ ቢያመጣ ጊዜ፣ አርቪል የሰው አስከሬን የቆፈረ ይመስል በሰው ፊት አዋርዶታል።

አምና ቅጠል ሲረግፍ ሎሬና ኮምብስ የሟች አባቷን የኤስቲልን ጠመንጃ አመጣችለት። ቀለህ ማውጫው ደክሞ፣ ባዶውን ቀለህ በቢላ ጫፍ እየነቀለች ነበር የምትተኩሰው። እሱን ብቻ አብጅልኝ አለችው።

አርቪል በአንድ ከሰዓት ጨረሰ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ግን በቤተ ክርስቲያናችን የሽኮኮ ወጥ ግብዣ ቀን የዒላማ ውድድር አለ፤ ካቻምና ወንዶቹ የሎሬናን ጠመንጃ «የምድጃ መቆስቆሻ» ብለው ስቀውበት ነበር። አፋቸውን ሊያስዘጋላት ፈለገ። ሰደፉ ላይ ያለውን ጥቁር እድፍ ፈቀፈቀና ቫርኒሽ ቀብቶ የማር ቀለም አወጣለት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው።

ልትወስድ ስትመጣ እኔም በረንዳው ላይ ነበርኩ። እንደ ወጉ መቀርቀሪያውን ከፍታ ባዶነቱን አየች፤ ከዚያ ወደ ትከሻዋ አምጥታ ጉንጯን አስደገፈች። ወዲያው አነሳችው። እንደገና አስደገፈች።

«ጥቁሩ የት ሄደ?» አለች።

«እድፍ ነበር፤ አጸዳሁልሽ» አለ አርቪል ፈገግ ብሎ።

«የአባቴ ጉንጭ ነው እኮ። ትምባሆውን እያኘከ፣ ላቡ እየወረደ፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ላይ ነበር የሚያሳርፈው። እኔም እዚያው ነበር የማሳርፈው።»

የአርቪል ፊት ደም መሰለ። እኔ ራሴ አፍሬ ወለል ወለሉን አየሁ። ቅንድብ አበጃለሁ ብሎ ዓይን ያጠፋው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚጮህበት እሱ ነበር። «አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ» አለ። ከራሱ ጠመንጃዎች የፈለገችውን እንድትወስድ ለመናት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ጭራሽ ልታጽናናው እጁን ነካ አደረገችው።

«ተወው አርቪል፣ ለክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ሰዎች ሽጪልን እያሉ ሲለምኑኝ አንጀቴ እምቢ ይለኝ ነበር» አለችው። «አሁን የሚፈልግ ከመጣ ስጥልኝ።»