ድግግሞሽ የለውም ተብሎ ተወሰነ

አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስታነብ ኖራ አንድም መጽሐፍ አንብባ አታውቅም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበረች። የመድኃኒት መግለጫ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የፈተና ወረቀት፣ የሳሙና ካርቶን ላይ የሚታተመው ጽሑፍ ሳይቀር፣ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሷ ጠረጴዛ በኩል ያልፍ ነበር። ልብ ወለድም ያልፍ ነበር። ግን አራሚ ልብ ወለድ ሲያነብ የሚያየው ፊደሉንና ነጥቡን ነው፣ ማን ማንን እንዳፈቀረ ማታ ቤቱ ገብቶ ቢጠይቁት አያውቅም። እሷ ደግሞ ከመስመሩ ሥር የብረት ማስመሪያ አስቀምጣ ቃል በቃል ነበር የምትወርደው። ሌላው አራሚ ሦስት ገጽ ሲጨርስ እሷ አንድ ላይ ናት። አለቆቿ በዚህ ሲነጫነጩባት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀጥላለች።

«ጡረታ ስወጣ ስህተት ሳልፈልግ አነባለሁ» ትለን ነበር።

ጡረታ ወጣች። በወጣች በሦስተኛው ወር የዓይን ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙም የዓይኗ የጀርባ ክፍል እየደከመ መሆኑን፣ ይህ በመነጽርም በቀዶ ሕክምናም እንደማይመለስ፣ ማንበብ የምትችለው ቢበዛ ለስምንት ወር እንደሆነ ነገራት። መስመር ሊደራረብብሽ፣ አንብበሽ ያለፍሽው ተመልሶ የመጣ ሊመስልሽ ይችላል፣ እንዲህ ሲሆን አትደንግጪ አላት። አልደነገጠችም። ቀጥታ እኔ ቤት መጣች።

«የምትሄድበት የአንባቢያን ክበብ አለ አይደል?» አለችኝ።

«አለ።»

«በዚህ አነባበቤ አሥር መጽሐፍ ባነብ ነው። ቢበዛ አሥራ ሁለት። ስለዚህ ተራ ነገር ላይ ዓይኔን መጨረስ የለብኝም። እኔ መምረጥ አላውቅም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የመጣልኝን ነው ያነበብኩት። አንባቢ ሰዎች ይምረጡልኝ።»

አንባቢ ሰዎች! ያኔውኑ «ተይ አክስቴ፣ ይቅርብሽ» ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ የክበቡ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው፣ ቁም ሳጥኑን የምቆልፈው፣ ሻይ የማዝዘው እኔ ነኝ። ሰው ጸሐፊ የሆነበትን ነገር አያንቋሽሽም። ደስ አለኝ፣ ይዣት ሄድኩ።

ክበባችን የሚሰበሰበው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ ባለችው ክፍል ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አሥራ አራት ወንበር፣ አንድ እግሯን ካርቶን ያስደገፍናት ቁም ሳጥን አለን። ሥርዓታችንም የታወቀ ነው። እያንዳንዱ አባል ይነሳና «በአሁኑ ጊዜ በእጄ ላይ ያለው…» ብሎ ይጀምራል። ካወራ በኋላ በቀኙ ለተቀመጠው ሰው አንድ መጽሐፍ ያሳልፋል። ተቀባዩ እምቢ ማለት አይችልም። አንብቦ ሲጨርስ በጀርባ ሽፋኑ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ይፈርማል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ሲነገር እንዴት ያምራል! በተግባር ግን በእጃቸው ላይ ያለው መጽሐፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጃቸው ያልወረደ ሰዎች አሉን። ይኸው ሰው ደግሞ ሌላውን «ምነው፣ አልጨረስክም እንዴ?» ብሎ ይገሥጻል።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። መጽሐፍን የሚያደንቀው በውፍረቱ ነው። «ይሄ እኮ ስድስት መቶ ገጽ ነው!» ካለ አስተያየቱን ጨርሷል። ጠበቃ አለን፣ በሌለበት «መቅድም» ነው የምንለው። ከመቅድም አልፎ አያውቅም፤ ግን ከመቅድሙ ተነስቶ አርባ ደቂቃ ያወራል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የመድኃኒት ቤት ባለቤቷ ደግሞ ሁሉንም መጽሐፍ «በአንድ ቁጭታ» ነው የምትጨርሰው። ለመሆኑ ይህች ሴት መድኃኒት የምትሸጠው መቼ ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በምሳ ሰዓት ጀርባውን አነባለሁ፣ መሃሉን በሁለት ቦታ ገለጥ ገለጥ አደርጋለሁ፣ መጨረሻውን አያለሁ። ራሴን ግን ከእነሱ የተሻልኩ አድርጌ ነበር የምቆጥረው፤ ቢያንስ መጨረሻውን አያለሁ ብዬ።

አክስቴ ማስመሪያዋንና የእጅ ማጉያ መነጽሯን በቦርሳ ይዛ መጣች። ሰብሳቢው የመረጠላትን ወፍራም መጽሐፍ ወስዳ አንድ ወር ሙሉ ታገለችው። ሁለተኛው ጥሩ ወጣላት፣ ፊቷ ሁሉ በራ፤ «እንዲህ ነው ለካ!» አለችኝ። በሦስተኛው ዙር የመድኃኒት ቤት ባለቤቷ በግራዋ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄን ካላነበቡ አንባቢ ነኝ አይበሉ» አለቻት፣ ስለ ሁለት ወንድማማቾችና ስለ አንድ ቤት የሚያወራውን ልብ ወለድ እያሳለፈችላት። «በአንድ ቁጭታ ነው የጨረስኩት። አልቅሻለሁ።»

ከኋላው ስምንት ፊርማ አለበት። አምስተኛው የኔ ነው።

አክስቴ መጽሐፉን ይዛ ሄደች። በሚቀጥለው ስብሰባ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለው መጣች፣ ግን ሌላ ሰው መስላ። ተራዋ ደርሶ ስትነሳ መጽሐፉን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «መሃሉ ላይ ታላቅየው ተቆጥቶ ከቤት ይወጣል። ከዚያ እንደገና ያንኑ ቁጣ ይቆጣና እንደገና ከቤት ይወጣል። ቃል በቃል። ቀጥሎ ሳየው ተቀብሯል። እንዴት እንደሞተ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት። የገጹ ቁጥር ደቃቅ ነው፣ እሱን ማየት ካቃተኝ ቆይቷል። የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር። ግን ስምንታችሁም ፈርማችኋል። እናንተ ስታነቡት… ይሄ ነገር ነበረው?»

ሁሉም ሻዩን ማየት ጀመረ።

«እሱ እኮ የአጻጻፍ ስልት ነው» አለ መቅድም፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ደራሲው ቁጣ የማያልቅ መሆኑን ሊያሳየን ነው።»

«ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል እንኳን አይደለም» አለች የመድኃኒት ቤት ባለቤቷ ቶሎ ብላ። «እኔ እኮ በአንድ ቁጭታ ነው ያነበብኩት፣ ቢኖር አይጠፋኝም። ምንም የተደገመ ነገር የለውም። እትዬ፣ ምናልባት ደክሞዎት ይሆናል።»

መጽሐፉ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ቢገልጠው ነገሩ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። ማንም እጁን አልዘረጋም። የገለጠው ሰው ከዚህ በፊት አለመግለጡ ይታወቅበታላ! አሥራ ሦስት የተማረ ሰው አንድ መጽሐፍ ከብቦ እንደ ትኩስ ምጣድ ፈራው። እኔም ፈራሁት።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና በድምፅ ይለይ አለ። አዎ፣ በድምፅ! መጽሐፉ ድግግሞሽ አለው የሚል እጁን ያውጣ፤ የለውም የሚል እጁን ያውጣ። መቅድም የራሱን ስልት ከድቶ «የለውም» ጋ እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አንስቼ በቃለ ጉባኤው ላይ «ድግግሞሽ የለውም ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ።

አክስቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ገባኝ» አለች። «እንግዲያው ዓይኔ ነው። ሐኪሙም እንዲህ ይሆናል ብሎኝ ነበር።» ከዚያ ማስመሪያዋን ወደ ቦርሳዋ ከተተች፣ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ቁም ሳጥኑን ላስተካክል ወጥቼ መጽሐፉን ገለጥኩት። ገጽ መቶ አርባ አራት፤ ቀጥሎ ገጽ መቶ ሃያ ዘጠኝ። እስከ መቶ አርባ አራት እንደገና ይሄድና መቶ ስልሳ አንድ ላይ ይዘላል። ሲጠረዝ አንዱን አሥራ ስድስት ገጽ ሁለት ጊዜ አስገብተው፣ ሌላውን አሥራ ስድስት ገጽ ረስተውታል። ሰውየው የሞተው በሌለው ገጽ ላይ ነው። ወደ ኋላ ገልጬ ፊርማዎቹን አነበብኩ። «ፍሰቱ እንደ ውሃ ነው» ይላል አንዱ። «የታላቅየው አሟሟት ከአእምሮዬ አይጠፋም» ይላል መቅድም። የኔ ደግሞ «በተለይ መሃሉ ልብ ይሰቅላል» ይላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ዕለት ወደ አክስቴ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ሁለት ፌርማታ ነው። አልሄድኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ትቆጣለች አልኩ። በሁለተኛው ክበቡ ይፈርሳል አልኩ፤ የሚፈርስ ነገር እንዳለው ሁሉ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። እሑድ እሑድ እንደ ወትሮዬ እጠይቃታለሁ፤ ማጉያ መነጽሯን መሳቢያ ውስጥ ከታ ሬዲዮ ስታዳምጥ አገኛታለሁ። «ንባቡስ?» ስላት «ተውኩት። ያላለውን እያነበብኩ ምን ይሠራልኛል?» ትላለች። እኔም ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ስለ ክበቡ ሰዎች ይህን ሁሉ ስናገር፣ ከሁላቸውም የባስኩት እኔ መሆኔን አልረሳሁትም። እነሱ አላወቁም፤ እኔ አውቄ ነው ሻይ የጠጣሁት።

አንድ እሑድ የመስኮቱ ዳር መደርደሪያዋ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛውን፣ ያን ወድዳ ለራሷ የገዛችውን መጽሐፍ ሳይቀር፣ ለሰው ሰጥታዋለች። አንጀቴን በላችው። በማግሥቱ የወንድማማቾቹን መጽሐፍ ከክበቡ ቁም ሳጥን አውጥቼ ይዤላት መጣሁ።

«አክስቴ፣ ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው። ያንቺ ዓይን አይደለም» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፊርማዬንም፣ ድምፄንም።

እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ሄደች። ማጉያውን ከመሳቢያ አወጣች፣ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ።

«አንተ አንብብልኝ። መጀመሪያ ቁጥሩን።»

«መቶ አርባ አራት።»

«ቀጥሎ?»

«መቶ ሃያ ዘጠኝ።»

«እ!» አለች። በፊቷ ላይ ለአፍታ የድሮዋ አራሚ ታየችኝ። «አንዱን እጥፍ፣ አሥራ ስድስቱን ገጽ፣ ደግመውታል። ገና ሳየው እኮ አውቄው ነበር። እናንተን አምኜ ነው ራሴን የካድኩት።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «መቼ ነው ያወቅከው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን» አልኳት።

በጣቷ ቆጠረች። «ሰባት ሳምንት። ከሰባት ሳምንት በፊት እኮ ደህና አነብ ነበር። ሁለት መጽሐፍ ይደርስልኝ ነበር፣ ያውም በዚህ አነባበቤ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ አነብልሻለሁ» አልኳት። «በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። ይሄንንም ሙሉውን ገዝቼ፣ ሌላውንም፣ ያሰብሻቸውን ሁሉ።»

«አንተ?»

«አዎ።»

«ስትዘል በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

አሁን የምታነብላት ከአክስቴ ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። በትምህርቷ ብዙ አልገፋችም፤ ቃሉን በጣቷ እየተከተለች፣ አንዳንዱን ሰብራ፣ አንዳንዱን ሁለቴ ብላ ነው የምታነበው። ክበባችን ውስጥ ብትገባ መቅድም በሳቅ ይሞታል። ባለፈው ሳምንት ያን የወንድማማቾቹን ልብ ወለድ አዲስ ገዝቼ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቁጥሩን እያየሁ ገለጥኩትና ወሰድኩላት። ሁለቱ ሴቶች መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«ቆጥረኸዋል?» አለችኝ አክስቴ።

«ቆጥሬዋለሁ። አንድም አልጎደለም።»

«ለእሷ ስጣት» አለችኝ። «እሷም ትቁጠረው።»

ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፣ አፍራ አየችኝ፣ ከዚያ ከአንድ ጀመረች። እኔም እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ።