የሱቅ ከረሜላ

የሆስፒታሉን የሕፃናት ክፍል ኮሪደር ስወለውል አንድ የአውቶብስ ሹፌር ቁጭ ብድግ ይላል። ከደንብ ልብሱ ሥር ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ጠፍሯል፤ መታመሙን መሥሪያ ቤቱ አያውቅም። ሕመም ያስታግሳል ተብሎ የገዛውን ከረሜላ የአራት ዓመት ልጁ በልታበት ከትናንት ጀምሮ አልነቃችም። ባዶውን ማሸጊያ ላለፈ ላገደመው ያሳያል፤ አሁን ደግሞ ልጁን ለምታክመው ሐኪም ዘረጋላት።

«እህቴ፣ ከሱቅ ነው እኮ የገዛሁት! የተፈቀደ ነው።»

«ውስጡ ያለው የሚያደነዝዝ ነገር ነው፤ ከሐሺሽ አውጥተው በኬሚካል የቀየሩት» አለችው ሐኪሟ። «አንዱ ሲከለከል ትንሽ ነካክተው በሌላ ስም ያመጡታል። ይሄኛውን ሕጉ ገና አልደረሰበትም።»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቅ?»

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ክፍል ተመለሰች። እኔም መወልወያዬን ጨምቄ ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣ ከዚያ ከረሜላ ሌላ አለ?»

ሰውዬው ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።