ከአራስ ቤት የሚመጣው ወረቀት

ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት አለ። በአንደኛው እህቴ ወልዳ ተኝታለች፤ በሌላኛው አባቴ አሉ። አባቴ ቄስ ስለሆኑ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ አራስ ቤት አይገቡም። እህቴ ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ነበርና ጠዋት ማታ ደጅ ቆመው «እንዴት ናት?» ይላሉ። «ደህና ናት» ብንላቸው አያምኑንም። ያን ሁሉ ደም ሲፈሳትም ያልናቸው ይህንኑ ነበር። በስልክ ሲያናግሯት ደግሞ ድምጿ ስለሰለለ ይብስባቸዋል።

በዚህ መሀል የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን የምታስረክብበት ቀን ደረሰ። ፕሪንተራችን አባቴ ቤት ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ ገመድ የተያያዘ ነው። ወደ እሷ ላምጣው ስል እናቴ «አራስ ቤት እንደ ወፍጮ የሚጮህ ነገር አይገባም» አለችኝ። ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላውቅም። ጽሑፉን በፍላሽ ልውሰደው ብል እህቴ «ገጽ በገጽ እያረምኩ ነው የማትመው» አለች።

ፕሪንተሩን በዋይፋይ ላጋራ ብዬ ግማሽ ቀን ታገልኩ። ላፕቶፗ ሊያገኘው አልቻለም። እህቴ ትራሷን ተደግፋ ስታየኝ ቆይታ፣ «ያኛው ኮምፒውተር እንቅልፍ ወስዶት ይሆናላ። እንዳይተኛ አድርገውና ማጋሪያውን ክፈትለት» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ፤ ሠራ። እኔ ጤነኛው ያልታየኝን እሷ ከአልጋ ላይ ሆና አየችው። በጣም ኮራሁባት።

ፕሪንተሩ ወረቀት ሁለት ሁለት ስለሚስብ አጠገቡ ሆኖ አንድ በአንድ የሚያጎርሰው ሰው ያስፈልጋል። አባቴ «እኔ አለሁ» ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። እሷ እያረመች ትልካለች፤ እሳቸው ያጎርሳሉ። ሕፃኑን ልታጠባ ስታቆም ብቅ ብለው ወደ በራችን ያያሉ።

ሲያልቅ ልነግራቸው ሄድኩ። የታተመውን ጠርዙን አስተካክለው ደርድረው፣ ሌላ ነጭ ወረቀት ይዘው ይጠብቃሉ።

«አለቀ እኮ አባ» አልኳቸው።

«አለቀ?» ብለው የያዙትን ነጭ ወረቀት ተመለከቱ። «ወረቀቱ በወጣ ቁጥር፣ ይኸው ቀና ብላ ተቀምጣለች እል ነበር። እናንተማ ደህና ናት ከማለት ሌላ አታውቁም። እንግዲህ በምን ልወቅ?»

ተመልሼ ያሉትን ለእህቴ ነገርኳት። ሕፃኑን በአንድ ክንዷ እንዳቀፈች ላፕቶፑን ሳብ አድርጋ የመጀመሪያውን ገጽ ደግማ ላከችላቸው።