አርብ አርብ የሚጠይቀው አማች

አክስቴን ሰፈሩ «መርማሪዋ» ይላታል። ሲያንሳት ነው። «እንደምን አደርሽ» ያላትን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» ብላ የጎሪጥ የምታይ ሴት ናት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፏ አይጠፋም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንዝ ዳር ቆስጣ አምርታ ኖራለች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ውሃው ሰላም ነሳት። አንዳንድ ቀን አረፋ ይደፍቃል፤ ስትነካው ክንዷን ያሳክካታል፤ እንቁራሪቶቹም ድምፃቸው ጠፋ። መጀመሪያ መኪና አጣቢዎቹን ጠረጠረች፤ ቀጥሎ ጎረቤቷን፤ እኔንም ሳትጠረጥር የቀረች አይመስለኝም። በመጨረሻ ዓይኗ ያረፈው ከላይ ባለው የቆዳ ፋብሪካ በሚሠራው በልጇ ባል ላይ ነው።

ምክንያት ነበራት። ሰውየው አርብ አርብ ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ ብሎ «እማማ፣ ዛሬ ውሃ አያጠጡም አይደል?» ይላታል።

«አርብ መቼ አጠጥቼ አውቃለሁ? ለቅዳሜ ገበያ የምቆርጥበት ቀን ነው» ትለዋለች። እሱም እፎይ ብሎ ይሄዳል። የከነከናት ያ እፎይታው ነው።

«መሬቴ ላይ ዓይኑን ጥሏል» አለችኝ። እኔ ሞኟም አመንኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ መልስ ልጇ ቤት ምሳ በላን። ልጅቷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የእናቷን ቆስጣ ሁለተኛ ሳህን ይዛለች። ባሏም ከእሷ አያንስም። አክስቴ አላስቻላትም።

«አንተ፣ አርብ አርብ እየመጣህ የምትጠይቀኝ ምን ፈልገህ ነው?»

ሹካውን አስቀምጦ ሁሉንም ተናዘዘ። የፋብሪካው ማጣሪያ ከተበላሸ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቆዳ የተነከረበትን ውሃ በቀጥታ ወደ ወንዙ የሚለቀው እሱ ነው። አለቃው ረቡዕ ልቀቅ ሲለው፣ ለምኖ ወደ አርብ ከሰዓት አስቀየረው።

«እርስዎ የማያጠጡበት ቀን ነው ብዬ እኮ ነው፣ እማማ።»

አክስቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ» አለችው ቀስ ብላ፣ «አርብ የቆረጥኩት እንዳይጠወልግብኝ፣ በእስር በእስር አድርጌ ወንዙ ውስጥ ነው የማሳድረው።»

ይህን አትክልተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ቆዳ ነካሪ ከየት ይወቀው?

ልጅቷ የጎረሰችውን ሳታኝክ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «ስንት አርብ ሆነ?» አለችው ባሏን።

አክስቴ ተነሥታ ሳህኑን ከልጇ ፊት አነሣች። «ሰውን ሁሉ ስጠረጥር፣ የገዛ እጄን ሳልጠረጥር» አለችና ሳህኑን እንደያዘች አለቀሰች።