በካላክላ ካርታ የመሰለን ጋላክሲ

ባለፈው ሳምንት በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ቡሪ ሰፈር፣ በረንዳችን ላይ ከርከዴ እየጠጣሁ ሳለ ፊዚክስ የምትማረው ልጄ ስልኳን ደቀነችብኝ። «ባባ፣ ሹፍ፣ እይ! ጋላክሲ።» እንደ ውሃ አዙሪት የተጠቀለለ ብርሃን ነው፤ ክንዶቹ ላይ ነጥቦች በቀይ ተከብበዋል። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ሥዕሉን አውቀዋለሁ።

በወጣትነቴ እዚሁ ከተማ ዳር፣ ካላክላ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን እንኖር ነበር። ወረቀት የሌለውን አበሻ ፖሊስ የሚያፍስበት ከሻ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ሰፈራችን ገባ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሁሉም ሁሉን ጠረጠረ። እኔማ ድሮም ባለሱቅ ፈገግ ካለልኝ ቶሎ ብዬ ሚዛኑን የማይ ሰው ነኝ።

በቤታችን ደንብ አዲስ ሰው ያለ ዋስ አይገባም። ለብሩክ ዋስ የሆንኩት እኔ ነበርኩ። ፊዚክስ ተምሮ ሲሚንቶ የሚሸከም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። አርብ አርብ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ፣ ኢንተርኔት ቤት ይውላል፤ ከሻውም የሚመጣው አርብ ነው። አንድ ቀን ቦርሳውን ስከፍት ያ ሥዕል የታተመበት ወረቀት አገኘሁ። አዙሪቱ የሰፈራችን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ቀዮቹ ክቦች የታፈሱት ቤቶች መሰሉኝ። ወረቀቱን ለቤቱ ታላቅ፣ ለግንበኛው ለጋሽ ሙላት ሰጠሁ።

እሳቸውም የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል እንደቀረበ ወረቀቱን ትሪው አጠገብ ዘረጉት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጋላክሲ ነው፣ ጋሼ» አለ ብሩክ። «የተከበቡት በኤክስሬይ ከልክ በላይ የሚያበሩ ናቸው። ምን እንደሆኑ ገና በደንብ አልታወቀም፤ እኔም እያጠናሁ ነው።»

«ኤክስሬይማ ሆስፒታል ነው ያለው! ኻላስ፣ በቃ፣ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ውጣልን።»

ብሩክ ወደ እኔ ዞረ። «ዋሴ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ዳቦዬን ቆርሼ ፉሉ ውስጥ ነከርኩ።

በአቧራው ውስጥ ቦርሳውን አንግቶ ሄደ። በሚቀጥለው አርብ ከሻው እሱ በሌለበት መጣ። አርብ የዕረፍት ቀን ሆኖ ሁሉም ሰው ቤቱ ስለሚገኝ ነበር ፖሊሶቹ የሚመጡት፤ ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም ነበር። ብሩክ ማደሪያ አጥቶ ሲንከራተት በዚያው ዕለት መታፈሱን ሰማን። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ልጄ ሥዕሉን አጉልታ አሳየችኝ። «አንዳንዱ ነጥብ የጋላክሲው አይደለም ባባ። ከኋላው፣ በጣም ሩቅ ነው። በስህተት እዚህ ይቆጠራል።»

«ታዲያ በምን ይለዩታል?»

«ደጋግመው ያዩታል፣ ብዙ ዓመት። ቶሎ አይፈርዱም።»

እኛ ለብሩክ የሰጠነው ጊዜ እስከ መግሪብ ነበር።